ወፍጮ ቤቱ፣ የዱቤ ደብተሩና የቀበሌ ሱቁ፦ የጌጃ ሰፈር ትዝታ ለአርሶ አደሩ ምን ያስተምራል?

የኅብረት ሥራ ታሪክ ሲወሳ ትኩረት የሚሰጠው በአብዛኛው ለገጠሩ ነው። ማኅበሩ መቼ እንደተቋቋመ፣ መጋዘኑ መቼ እንደተሠራ፣ ማዳበሪያ ምን ያህል እንደቀረበ በየሪፖርቱ ይገኛል። ምርቱ በመኪና ተጭኖ ከወጣ በኋላ በማን እጅ እያለፈ ከከተሜው ጓዳ እንደሚደርስ ግን እምብዛም አይነገርም። ይህን ለመረዳት የአንድ ነባር የከተማ ሰፈርን የንግድ ትዝታ መመልከት ይጠቅማል።

ጌጃ ሰፈር በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከመርካቶ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ነባር ሰፈር ነው። እንደ ጌጃ ሰፈር ባሉ መንደሮች ያደጉ ሰዎች የድሮውን ሲያነሡ የሚጠሩት ትልልቅ ድርጅቶችን አይደለም። ወፍጮ ቤቱን፣ ጠላ ቤቱን፣ የዱቤ ሱቁንና የቀበሌ ሱቁን ነው። አራቱም የቆሙት በአርሶ አደሩ ምርት ላይ ነበር።

የእህሉ ማረፊያዎች

እናቶች እህሉን አበጥረውና ለቅመው ልጅ አሸክመው ወደ ወፍጮ ቤት ይልካሉ። ልጁ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። ሂሳቡ በኪሎ ነው። ጤፍ የሚፈጭበት ወፍጮ በርበሬና ሽሮ ከሚፈጭበት ይለያል። ባለወፍጮው ከቅንድቡ እስከ ጫማው በዱቄት ነጥቶ ይውላል፤ የትኛው ጤፍ ንጹሕ እንደሆነ፣ የትኛው አፈር እንደተቀላቀለበት ለማወቅ ግን የሚቀድመው የለም። የአዳ ጤፍ ነው ተብላ ሌላ የተሸጠላት እናት እውነቱን የምትሰማው እዚያ ነው። ይሁንና ይህ ወቀሳ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አልፎ አምራቹ ዘንድ አይደርስም ነበር።

ጠላ ቤቱ የሚታወቀው በራፉ ላይ በተተከለ እንጨት ጫፍ በተደፋ ጣሳ ነው። ጌሾውም፣ የብቅሉ ገብስም ከገጠር የመጣ ነው። ከጠማቂዎቹ ብዙዎቹ በዚሁ ገቢ ልጆች ያሳደጉና ያስተማሩ ሴቶች ነበሩ።

የመንደሩ ባለሱቅ ደግሞ ዘይት በስኒ፣ በርበሬ በማንኪያ፣ ላምባ በጠርሙስ ይሸጣል። ደመወዝ ሳይደርስ ስኳርና ቡና ያለቀበት ጎረቤት በደብተር አስመዝግቦ ይወስዳል። የጽሑፍ ዋስ የለም፤ ዋሱ ጉርብትናው ነው። ዋጋው ከመርካቶ ከፍ እንደሚል ደንበኛው ያውቃል። የሚከፍለው ለሸቀጡ ብቻ ሳይሆን በክፉ ቀን ለሚያገኘው አመኔታ ጭምር ነው።

የቀበሌ ሱቅ ዘመን

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ ተደራጁ። ቀበሌዎቹም የኅብረት ሱቅ ከፈቱ። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይትና እህል በተወሰነ ዋጋና በራሽን ካርድ ይከፋፈል ጀመር። ለዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰዎች ሌሊት ተነሥተው ወረፋ መያዛቸውን፣ በሰው ፋንታ ድንጋይ ወይም ዘንቢል አሰልፈው መሄዳቸውን ዛሬም እየሳቁ ያወሩታል።

ገጠር ያለው አርሶ አደር ግን የዚያን ዘመን ትዝታ እየሳቀ አያወራም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ እየጣለ፣ ከገበያው ባነሰ የተወሰነ ዋጋ እህል ይሰበስብ ነበር። በየመንገዱ ኬላ ቆሞ የእህል ዝውውር ይቆጣጠራል። ምርቱ ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ኮታውን በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። በከተማ የረከሰው እህል ልዩነት የተከፈለው ከገበሬው ኪስ ነበር ማለት ነው። ሸማቹና አምራቹ ሁለቱም በማኅበር ተደራጅተው ሳለ፣ በዋጋው ላይ ሁለቱም አልተጠየቁም።

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ የእህል ንግዱም ተፈታ። በግዴታ አቅርቦት የቆሙት የቀበሌ ሱቆችም በቀጣዮቹ ዓመታት እየተዳከሙ ሄዱ። ባለዱቤው ሱቅ ግን በዚያ ሁሉ መካከል አለፈ። ኮርፖሬሽንም ካርድም አልነበረውም፤ የሚያውቁት ደንበኞች ነበሩት።

ከፈረሰው ምን ይቀራል?

በልደታ ከ2001 ዓ.ም. በኋላ በስፋት የተካሄደው መልሶ ማልማት የአካባቢውን ገጽታ ለውጧል። በመልሶ ማልማት በሚነሡ ነባር መንደሮች ብዙዎቹ ትንንሽ ንግዶች ኪራያቸው አነስተኛ በሆነ የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ነበሩ። ቤቱ ሲፈርስ ምትክ ቤት ሊገኝ ይችላል፤ የደብተሩ ደንበኞች ግን ወደየአቅጣጫው ይበተናሉ። በኮንዶሚኒየም የሚኖረው ቤተሰብ እንጀራ ገዝቶ፣ የታሸገ ሽሮና በርበሬ ከባልትና ሱቅ ወስዶ መኖርን እየለመደ መጥቷል። ስለዚህ አርሶ አደሩ ከሸማቹ ጋር ሊገናኝባቸው ይችል የነበሩት ደጃፎች ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው።

በአንጻሩ አዲስ በር ተከፍቷል። በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147፣ ኋላም የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009፣ ኅብረት ሥራ በአባላት ፈቃድ የሚመሠረት፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ ያለው ድርጅት መሆኑን ደንግገዋል። ዩኒየኖች ለከተማ የሸማቾች ማኅበራት እህል ያቀርባሉ፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም በአዲስ አበባ በእሑድ ገበያዎች ምርታቸውን ይሸጣሉ።

ይሁን እንጂ የቀበሌ ሱቁ ታሪክ ማስጠንቀቂያ ነው። ለከተማው ዋጋ ለማርከስ ሲባል ብቻ በትእዛዝ የሚቀርብ ምርት አርሶ አደሩን ያሸሻል፤ አርሶ አደሩ የሸሸው ሱቅ ደግሞ ባዶ መደርደሪያ ይሆናል። የየአካባቢው ኃላፊዎች ዩኒየንን የዋጋ ማረጋጊያ መሣሪያ አድርገው ሲያዩ ይህን ማስታወስ ይገባቸዋል። ዋጋው አባላት ተወያይተው የሚያውቁት፣ ከሸማቾች ማኅበር ጋርም አስቀድሞ በውል የሚታሰር ሊሆን ይገባል።

ከአባላትም የሚጠበቅ አለ። የባለሱቁ ሀብት አመኔታ ነበር፤ የዩኒየኑም ሀብት ከዚህ አይለይም። ኩንታሉ ላይ ምርቱ ከየትኛው መሠረታዊ ማኅበር እንደመጣ ቢጻፍ፣ ሚዛኑ በሸማቹ ፊት ቢሞከር፣ አፈር የተገኘበት ጤፍ ወቀሳ ወደ አምራቹ ማኅበር ተመልሶ ቢደርስ፣ ያ ባለወፍጮ ለብቻው ያውቀው የነበረው ነገር ለሁሉም ይታወቃል። ያን ጊዜ የልደታዋ እናት የማንን ጤፍ እንደገዛች ታውቃለች፤ አርሶ አደሩም ማን እንደበላለት ያውቃል።