ከኦቾሎኒ ማሳ እስከ በቆሎ ሠርቶ ማሳያ፦ የጂሚ ካርተር 100 ዓመታት

ጂሚ ካርተር በይበልጥ የሚታወቁት 39ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በመሆናቸው ነው። ለአርሶ አደሩ ግን ሌላው የሕይወታቸው ገጽታ የበለጠ ቅርብ ነው። የገበሬ ልጅ፣ የባሕር ኃይል መኮንን፣ መሐንዲስ፣ እንዲሁም ዘርና ማዳበሪያ አቅራቢ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1924 በጆርጂያ ግዛት ፕሌይንስ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ከአባታቸው ማሳ የተለቀመ ኦቾሎኒ ቀቅለው ይሸጡ ነበር። በ1946 ከባሕር ኃይል አካዳሚ ተመርቀው በዚያው ዓመት ሮዛሊን ስሚዝን አገቡ። በሰርጓጅ መርከብ ካገለገሉ በኋላ በኑክሌር ኃይል ወደሚሠሩ መርከቦች ፕሮግራም ተዛወሩ። በ1952 በካናዳ የኑክሌር ማብለያ አደጋ ሲደርስ፣ የተበላሸውን ክፍል ለመፍታት ከተላኩት ቡድኖች አንዱን መርተዋል። ከጨረሩ ብርታት የተነሣ አንድ ሰው ውስጥ መቆየት የሚችለው ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ነበር።

በ1953 አባታቸው ሲሞቱ ሥራቸውን ለቀው ወደ እርሻው ተመለሱ። ባለቤታቸው ውሳኔውን አልወደዱትም። የ1954 ድርቅም ተጨምሮ የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ 300 ዶላር እንኳ አልሞላም። ሮዛሊን የሒሳብ መዝገቡን ያዙ፤ ካርተር ስለ ዘር አጠኑ። ቀስ በቀስ መጋዘናቸው የጎረቤት ገበሬዎችን ኦቾሎኒ የሚረከብ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የሚያቀርብ ድርጅት ሆነ። ጥቁሮችን ከነጮች ለይቶ ለማቆየት የቆመ ማኅበር አባል እንዲሆኑ ሲጠየቁ እምቢ በማለታቸው፣ አንዳንድ ደንበኞች አድመውባቸው ነበር። እርሳቸው ግን ከአቋማቸው ፈቀቅ አላሉም።

ከ1977 እስከ 1981 አገራቸውን ከመሩ በኋላ ተመልሰው የኖሩት በዚያችው ፕሌይንስ ነው። ከኖርማን ቦርሎግና ከጃፓናዊው ርዮይቺ ሳሳካዋ ጋር የመሠረቱት ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በ1993 በኢትዮጵያ ሥራ ጀመረ። አርሶ አደሩ ግማሽ ሄክታር በሚያህል ሠርቶ ማሳያ ላይ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ የበቆሎ ምርቱን ከእጥፍ በላይ ሲያሳድግ በዓይኑ አየ። በ1995 መንግሥት ይህንኑ አሠራር መነሻ አድርጎ አገር አቀፍ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም ዘረጋ።

ይሁንና በ2001 እና በ2002 ምርት ሲትረፈረፍ የበቆሎ ዋጋ ወደቀ፤ ብዙ ገበሬም የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው። ምርት ያለ ገበያ ሸክም እንደሚሆን ያ ጊዜ አስተምሯል። ማምረቱን ሠርቶ ማሳያው አሳየ፤ መጋዘን፣ ትራንስፖርትና ገዢ የማዘጋጀቱ ኃላፊነት ግን የዩኒየኖች ሆነ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ካርተርና ሮዛሊን አራት ልጆች አሳድገው 77 ዓመት በትዳር ኖረዋል። እርሷ በኖቬምበር 2023፣ እርሳቸውም ዲሴምበር 29 ቀን 2024 በ100 ዓመታቸው አርፈው በፕሌይንስ ጎን ለጎን ተቀብረዋል። መሐንዲሱ ዕውቀታቸውን ይዘው ወደ ተወለዱበት ማሳ መመለሳቸው፣ የተማሩ የአርሶ አደር ልጆች ላሏቸው አባላት ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው።