ጤፍ በጤና ገበያ፤ ከባላገር ጎተራ እስከ ሔግ ችሎት

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ይህ ተረት ስለ ጤፍ የተነገረ ይመስላል። ጤፍ ለብዙው የኢትዮጵያ ሕዝብ የዕለት እንጀራው ስለሆነ፣ ታሪኩን መመርመር ትርፍ ሥራ መስሎ የሚታየው ሰው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ይኸው እህል ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት በኤውሮፓና በአሜሪካ «የጤና ምግብ» ተብሎ በውድ ዋጋ ከሚሸጡት ሸቀጦች መካከል ገብቷል፤ የመብት ክርክርም ተነሥቶበታል። የዚህ አጭር ሐተታ ዓላማ ጤፍ የጤና ሸቀጥ የሆነበትን መንገድ መከተልና ኢትዮጵያ ከዚህ ገበያ ድርሻዋን ለማግኘት ያደረገችው ጥረት ለምን እንዳልሰመረ ማስረዳት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. የጤፍ ከአገር መውጣት

ኤውሮፓውያን ጤፍን ያወቁት በቅርብ ጊዜ አይደለም። ዙካኒ የተባለው የኢጣልያ የዕፀዋት ሊቅ በ1775 ሳይንሳዊ ስም ሰጥቶታል። በ1886 ደግሞ በለንደን አጠገብ ያለው የኪው የዕፀዋት አትክልት ስፍራ ዘሩን ወደ ልዩ ልዩ አገሮች አከፋፍሏል። ይሁን እንጂ በደቡብ አፍሪካ ጤፍ የተወደደው ለከብት ድርቆሽ እንጂ ለሰው ምግብነት አልነበረም። በ1927 ሩሲያዊው ሊቅ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ጎብኝቶ አገሪቱን ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። እንግዲህ ሳይንስ ጤፍን ቢያውቀውም ገበያው ገና አላወቀውም ነበር ማለት ነው።

ለጤፍ በውጭ አገር የመጀመሪያውን ገበያ የከፈቱለት ሐኪሞች ወይም ነጋዴዎች ሳይሆኑ ስደተኞች ናቸው። ከ1974 አብዮት በኋላ ወደ አሜሪካ የሄዱት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን እንጀራ ናፈቃቸው። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ኖሮ የተመለሰው አሜሪካዊ ዌይን ካርልሰን በአይዳሆ ግዛት ጤፍ ማብቀል ሲጀምር ዋነኞቹ ደንበኞቹ እነዚሁ ስደተኞች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ጤፍ የሚገዛው ለናፍቆት እንጂ ለጤና አልነበረም።

፪. «የሌለው ነገር» እንዴት ዋጋ እንዳወጣ

ይህን ሁኔታ የለወጠው በሆላንድ የተደረገ የሕክምና ግኝት ነው። ሴሊያክ በተባለው የአንጀት በሽታ የተያዙ ሕፃናት ከስተው ይሞቱ ነበር፤ ምክንያቱም አይታወቅም ነበር። ዲከ የተባለው የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሕመምተኞቹን ከስንዴ በማራቅ ይመረምር ነበር። በጦርነቱ ማብቂያ ከ1944 እስከ 1945 በነበሩት የብርድ ወራት በሆላንድ ዳቦ በጠፋ ጊዜ ያየው ነገር ግምቱን አጠነከረለት። በ1950 ምርምሩን ለኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ አቀረበ። ከዚያም በኋላ ጉዳት አድራጊው ግሉተን፣ ማለት የስንዴን ሊጥ የሚያያይዘው ፕሮቲን መሆኑ ተረጋገጠ። ተመሳሳዩ ነገር በገብስና በአጃ መሰል እህሎችም ውስጥ ይገኛል።

በመጀመሪያ ከግሉተን መራቅ የሕመምተኞች ግዴታ ነበር። በኋላ ግን በሽታው የሌለባቸው ሰዎችም ከስንዴ መራቅን የጤናማ ኑሮ ምልክት አደረጉት። በ2005 የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጤፍ ለሴሊያክ ሕመምተኞች ሊስማማ እንደሚችል የሚያመለክት ውጤት አወጡ። ስለዚህ ጤፍ ዋጋ ያወጣው ከሁሉ በፊት በውስጡ በሌለው ነገር ነው።

በውስጡ አለ ስለሚባለው ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀድሞ የድኻ ምግብ ተብሎ የተናቀው ቀይ ጤፍ ዛሬ በአዲስ አበባ እንኳ ስለ ጤናቸው በሚያስቡ ሰዎች ይፈለጋል፤ ምክንያቱም ብረት አለው ስለሚባል ነው። ነገር ግን በ1980 በወጣ ጥናት እንደታየው፣ በጤፍ ከሚገኘው ብረት ብዙው እህሉ በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራየት ከአፈር የሚጣበቅበት ነው። ታጥቦ ሲመረመር መጠኑ በብዙ ይቀንሳል። ገበያው ግን እንዲህ ያለውን ዝርዝር በማሸጊያው ላይ አይጽፍም።

፫. ስምምነቱና ፓተንቱ

በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ለፊርማ የቀረበው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት የዕፀዋት ሀብት የሚገኝበት አገር ከጥቅሙ እንዲካፈል ይደነግጋል። ኢትዮጵያም በዚሁ መሠረት በ2005 ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍ ስምምነት ተፈራረመች። ኩባንያው ከትርፉ ሊያካፍል፣ በባህላዊው ዕውቀትም ላይ መብት ላያነሣ ቃል ገባ። በወረቀት ላይ ሲታይ ውሉ ለሌሎች አገሮች አርአያ የሚሆን ነበር።

ነገር ግን ስምምነቱ ከመፈረሙ አስቀድሞ፣ በ2003፣ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ ገብቶ ነበር። የኤውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት በ2007 ፈቀደው። ፓተንቱ ከአጨዳ በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት ከቆየ ጤፍ የሚፈጨውን ዱቄትና ከእርሱ የሚጋገረውን ምግብ ይመለከት ነበር። ጤፍን በጎተራ አቆይቶ፣ በሚያስፈልግበት ጊዜ አውጥቶ ማስፈጨት ለኢትዮጵያ ባላገር ምን ያህል አዲስ ነገር እንደሆነ አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ኢትዮጵያ እስከዚያ ድረስ የደረሳት ገንዘብ ወደ 4,000 ዩሮ ያህል ብቻ ነበር። ፓተንቱ ግን አልጠፋም፤ ኤንሸንትግሬን ወደተባለ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ። አዲሱ ባለመብት ከኢትዮጵያ ጋር ስላልተፈራረመ የቀድሞው ውል አላሰረውም። ከዚህ ላይ ዋናው ስሕተት ይታያል። ግዴታው ከተፈራራሚው ጋር ሲቀር መብቱ ከፓተንቱ ጋር ተጓዘ።

በመጨረሻ ኤንሸንትግሬን ባክልስ የተባለውን የዳቦ መሥሪያ አቅራቢ ኩባንያ በሔግ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም በኅዳር 2018 በሰጠው ፍርድ ሥራው በቂ የፈጠራ ርምጃ የለበትም ብሎ ፓተንቱን ለሆላንድ ሻረው። ወሬው በ2019 በኢትዮጵያ ሲሰማ ትልቅ ደስታ ሆነ። ሆኖም በክርክሩ ውስጥ ኢትዮጵያ ተከራካሪ እንዳልነበረች መዘንጋት አይገባም። ያሸነፈው የራሱን ንግድ ሲከላከል የነበረ ነጋዴ ነው።

፬. መደምደሚያ

መንግሥት በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ፤ ዓላማውም በአገር ውስጥ ዋጋው እንዳይንር ነበር። በዚያው ዓመት የዕፀዋትን ሀብትና የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 482 ወጣ። ሁለቱም ርምጃዎች ተገቢ ምክንያት ነበራቸው፤ ነገር ግን እህልን በድንበር ማስቆም ይቻላል እንጂ ዘሩንና ዕውቀቱን ማስቆም አይቻልም። ዘሩ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ የጤና ገበያው ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁትን ነገር እንደ አዲስ ግኝት አድርጎ መሸጥ የሚችል መሆኑን ነው። በባላገሩና በባልትና አዋቂዋ ቃል ብቻ የሚኖር ዕውቀት በፓተንት መርማሪ ፊት በቀላሉ ማስረጃ አይሆንም፤ መርማሪው በተለይ የሚመለከተው የተጻፈውን ነውና። ስለ እርሻ፣ ስለ ምግብና ስለ ሕግ የምንማር ተማሪዎች ስለ ጤፍ አቀማመጥ፣ አፈጫጨትና አቦካክ በየአውራጃው የሚታወቀውን ጠይቀን፣ ቀንና ቦታ አመልክተን ብንጽፍ፣ ሥራው ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ የሚጠቅም አይሆንም። እንሰት፣ ኮሶና ጥቁር አዝሙድም ተራቸውን ይጠብቃሉ።