የጭሰኛው የሙግት ጉዞ

በ1934 ዓ.ም. ስለ ዳኝነት አሠራር በወጣው ዐዋጅ ፍርድ ቤቶች እስከ ጠቅላይ የንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት በየመዓርጋቸው ቢደራጁም፣ በደቡብና በምዕራብ የሰው መሬት እያረሰ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን የሚከፍለው ጭሰኛ፣ «መሬቴን ልቀቅ» ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ፣ በሶውንና ቆሎውን በአቁማዳ ቋጥሮ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ለልጆቹ ትቶ፣ ዐቀበት ወጥቶና ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሩቁ ከተማ መጓዝ ግድ ይሆንበት ነበር። ባለ መሬቱ ግን ብዙ ጊዜ ከተሜ ነበረና ነገረ ፈጁን መላክ ይበቃው ነበር።

በዘር ወይም በአጨዳ ወራት የዋለ ቀጠሮ፣ ሙግቱን ቢረታ እንኳ የዓመቱን ምግብ ያሳጣል። መንገደኛው ደርሶም ችሎቱ ለሌላ ቀን ከተዛወረ፣ ስንቁ አልቆ ከነዳያን ጋር በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ማደር አለ። ቢቀር ደግሞ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክርክሩ በሌለበት እንዲታይ ይፈቅዳል፤ የሞላ ወንዝ መንገድ እንደ ዘጋበት የሚመሰክርለት ከወዴት ይመጣል?

ከሁሉ የከፋ የሚመስለኝ ግን የቋንቋው ነገር ነው። ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ብቻ የሚያውቅ ገበሬ፣ የችሎቱ ልሳን ዐማርኛ ስለ ነበረ፣ አቤቱታውን በአስተርጓሚ አፍና በማመልከቻ ጸሐፊ ብዕር ማቅረብ ነበረበት፤ ውሉም በቃል የተደረገ ስለ ሆነ የሚያሳየው ጽሑፍ አልነበረውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮ፣ ቢያንስ 20 ጋሻ ስፋት ባለው ቦታ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም፣ የመሬት ክርክርም በዚያው ማኅበር የፍርድ ሸንጎ እንዲታይ አዘዘ።