ዝናብና እንጉዳይ ከእንጅባራ እስከ ጫግኒ

ክረምት ገብቶ ሐምሌ ሲጋመስ ከእንጅባራ ወደ ጫግኒ የወረደ ሰው በአንድ ቀን ሁለት አገር ያያል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናትና ማለዳ ጉም ይውጣታል፣ ሰዉም ጋቢውን እስከ ጆሮው ይከናነባል፤ ከዚያም መንገዱ ይወርድና ይወርድና፣ ጉሙ ይገፈፍና፣ ጋቢው ከትከሻ ይነሣና፣ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ጫግኒ ሲደርሱ ወበቅና ዝናብ አንድ ላይ ይቀበላሉ።

እንጉዳይም እንደ መንገደኛው ልብሱን ይቀይራል። ላይ በእንጅባራ በኩል፣ በባንጃ ደን ጥላ፣ በወደቀ ግንድና በረጠበ ቅጠል ላይ ይበቅላል፤ ብርዱ መበስበሱን ስለሚያዘገየው ግንዱ ለብዙ ክረምት ያበላዋል። ሞቃቱ ምድር ላይ ግን ባለቤቱ ምስጥ ነው። ምስጥ ደረቅ ሣርና እንጨት አኝኮ ኩይሳው ውስጥ ይከምራል፣ በክምሩም ላይ ሻጋታ ያለማል፣ ያንንም ይመገባል፤ ከዚያም ዝናቡ አፈሩን ዘልቆ ሲያርሰው ከዚያው ሻጋታ እንጉዳይ ሽቅብ ይወጣል። አናቱ ሾል ያለ ነው። ጎንበስ ብላችሁ በሁለት ጣት ብትስቡት ሥሩ ይረዝማል፣ ይረዝማል፣ ጫፉ ከምስጡ ማሳ ጋር የተያያዘ ነውና ሳያልቅ ይበጠሳል። ደገኛው የጅብ ጥላ ብሎ የሚያልፈውን፣ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ለይተው የሚያውቁ ሰዎች ለወጥ ይለቅሙታል።

በሩቅ ሰሜን፣ በፊንላንድና በስዊድን ደኖች፣ እንጉዳዩ ከጥድና ከበርች ሥር ጋር ተቆራኝቶ ይኖራል፤ ወቅቱን የሚዘጋውም ውርጭ ነው። የእኛን የሚዘጋው በጋ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ከ365 የዓለም ቦታዎች የተሰበሰበ አፈር ተመርምሮ ውጤቱ ሲታተም፣ የፈንገስን ዓይነትና ብዛት ከሁሉ በላይ የሚወስነው የአየር ጠባይ መሆኑ ታየ፤ አፈሩ ከእሱ ቀጥሎ ይመጣል።

አሁን ደግሞ ወደሚያሳዝነው ልምጣ። በዚሁ ደጋ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የአውስትራሊያ ግራር ተከለ፣ ከሰል አከሰለ፣ ልጆቹን አስተማረ፣ ቤቱንም ቆርቆሮ አለበሰ፤ ከዚያም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በቅጠሉ ላይ ዝገት ወረደ። ገበሬው ቅጠሉን በአውራ ጣቱ ሲያብሰው ቡናማ ዱቄት ይቀራል። ያም ፈንገስ ነው፤ ዱቄቱን ነፋስ ያደርሰዋል፣ እርጥበቱ ያበቅለዋል፣ ከዛፍ ወደ ዛፍም ይሻገራል። ኮረብታው ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ በመልበሱ የሚያቆመው አላገኘም። አየሩን ብቻ መውቀስ እውነት አይሆንም፤ ደጋው ጥንትም እርጥብ ነበረ፣ ግን ብሳናውና ሰሳው ተቀላቅለው ይቆሙ ነበር። በእንዲህ ያለ ደን አንዱ ዛፍ ቢታመም ጎረቤቱ ሌላ ዘር ነው፣ በሽታውም መንገድ ያጣል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የባንጃን ደን አታስነኩ፤ ዲከረንስ የምትተክሉም በመካከሉ አገር በቀል ዛፍ ጣልቃ አስገቡ። ከጫግኒ በታች እንጉዳይ የምትለቅሙ ደግሞ ኩይሳውን አትናዱት፣ በመጪው ክረምትም ይሰጣችኋልና፤ ያላወቃችሁትን ግን አትቅመሱ፣ የሚገድል አለበት።