ከሕክምና መሣሪያ ጋር ወደ ሌላ አገር ሲጓዙ፦ ትክክለኛውን የስፒና አዳፕተር እንዴት ይመርጣሉ?

አስም ያለበት ልጅ ኔቡላይዘር፣ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ሲፓፕ፣ የሳንባ ሕመም የጠናበት ሰው ደግሞ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ይጠቀማል። የኢንሱሊን ፓምፕም በየጊዜው ባትሪው መሞላት ወይም መቀየር አለበት። ጉዞ ሲያስቡ መድኃኒትዎን እንደሚያዘጋጁ ሁሉ፣ እነዚህ መሣሪያዎች በሚሄዱበት አገር ኮረንቲ የሚያገኙበትን መንገድም አስቀድመው ማዘጋጀት ያስፈልግዎታል።

በአጭሩ፦ አዳፕተር የስፒናውን ቅርጽ እንጂ የኮረንቲውን መጠን አይቀይርም። ስለዚህ አዳፕተር ከመግዛትዎ በፊት በመሣሪያዎ ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ።

አዳፕተር፣ ቻርጀር እና ትራንስፎርመር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የላፕቶፕ ቻርጀርንም «አዳፕተር» ስለሚለው ሦስቱ በቀላሉ ይምታታሉ።

• የስፒና አዳፕተር፦ የአንዱን አገር ስፒና በሌላው አገር ሶኬት ለመሰካት የሚያገለግል መሸጋገሪያ ነው። 220 ቮልት ቢገባበት 220 ቮልት ይወጣል።
• ቻርጀር፦ የግድግዳውን ኮረንቲ መሣሪያው ወደሚፈልገው ዝቅተኛ ቮልት ይቀይራል።
• ትራንስፎርመር፦ 220 ቮልትን ወደ 110 ወይም 120፣ አለዚያም በተቃራኒው ይቀይራል። ከበድ ያለ ዕቃ ነው።

በመሣሪያው ላይ ምን ያነባሉ?

ከመሣሪያው ሥር ወይም ከቻርጀሩ ጀርባ «ኢንፑት» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ይፈልጉ። ቀጥሎ የሚያገኙት ቁጥር ከሦስቱ አንዱ ይሆናል።

1. 100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ፦ በየትኛውም አገር ይሠራል። የሚያስፈልግዎ የስፒና አዳፕተር ብቻ ነው። የስልክ፣ የላፕቶፕና የአብዛኞቹ ሲፓፖች ቻርጀር እንዲህ ነው።

2. 110 ወይም 120 ቮልት ብቻ፦ ለአሜሪካና ለካናዳ የተሠራ ነው። ኢትዮጵያ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል ውስጥ በአዳፕተር ብቻ ከሰኩት ሊቃጠል ይችላል። ለምሳሌ የ120 ቮልት ማሞቂያ ትራስ 220 ቮልት ሲያገኝ ከታሰበለት ከ3 እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል። ይህ ለቃጠሎና ለእሳት አደጋ ይዳርጋል።

3. 220–240 ቮልት ብቻ፦ አሜሪካ ውስጥ ላይነሳ ወይም ደክሞ ሊሠራ ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚያልፍ ችግር ነው። ኔቡላይዘሩ ድምፅ እያሰማ ጉሙ ግን ከሳሳ፣ ሕመምተኛው የሚያገኘው መድኃኒት ይቀንሳል፤ ቤተሰቡ ግን «መድኃኒቱ አልሠራ አለ» ብሎ ያስባል።

የአገሮቹ ኮረንቲና ሶኬት

• ኢትዮጵያ፦ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። በብዛት የሚገኘው ሁለት ክብ እግር ያለው ስፒና ነው (ዓይነት ሲ እና ኤፍ)።
• አሜሪካና ካናዳ፦ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ሁለት ጠፍጣፋ እግር (ዓይነት ኤ)፣ ወይም ሦስተኛ ክብ እግር የተጨመረበት (ዓይነት ቢ)።
• ጀርመን፣ ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ኔዘርላንድ፦ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ባለ ሁለት ክብ እግር ስፒና ያለ አዳፕተር ይገባል።
• እንግሊዝ፦ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ሦስት አራት ማዕዘን እግር (ዓይነት ጂ)።
• የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ኳታር፣ ኩዌት፦ 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ በብዛት ዓይነት ጂ።
• ሳዑዲ ዓረቢያ፦ 230 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ ዓይነት ጂ። አሮጌ ቤቶች ውስጥ የ127 ቮልት ሶኬት ሊኖር ስለሚችል ከመሰካትዎ በፊት ይጠይቁ።
• እስራኤል፦ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ዓይነት ኤች። ቀጭን ሁለት ክብ እግር ያለው ስፒናም ይገባል።

አዳፕተር ሲገዙ ምን ይመልከቱ?

• የመሣሪያዎ ስፒና የምድር መስመር (ግራውንድ) ካለው አዳፕተሩም ሊኖረው ይገባል። የምድር መስመር መሣሪያው ውስጡ ቢበላሽ ኮረንቲው ወደ ሰውነትዎ እንዳይሄድ ይከላከላል። ሦስተኛውን እግር ቆርጦ መሰካት ፈጽሞ አይገባም።
• በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈው አምፔር መሣሪያው ከሚፈልገው በላይ ይሁን።
• ሲሰኩት የሚወላከፍ፣ ብልጭ የሚል ወይም የሚግል አዳፕተር አይጠቀሙ።
• አዳፕተር በአዳፕተር ላይ አይደራርቡ። በመታጠቢያ ቤትና በእርጥብ እጅ አይጠቀሙ።
• ለፓምፕና ለሲፓፕ አምራቹ የሰጠውን ቻርጀር ይጠቀሙ። ስፒናው ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም።

መሣሪያ በመሣሪያ

ኔቡላይዘር፦ ከአሜሪካ ለዘመድ የሚላኩ ብዙ ኔቡላይዘሮች ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ኸርዙን አይቀይርም፤ ስለዚህ ሞተሩ ሊዘገይና ሊግል ይችላል። የተሻለው በሚጠቀሙበት አገር ቮልት የሚሠራ ወይም በባትሪ የሚሠራ ኔቡላይዘር መግዛት ነው። ለጉዞ ከዚህም የሚቀል አማራጭ አለ፦ በአፍ የሚነፋ መድኃኒት (ኢንሄለር) ከስፔሰር ጋር። ቀላልና መካከለኛ ለሆነ የአስም ጥቃት ብዙ ጊዜ ከኔቡላይዘር የማያንስ ውጤት ይሰጣል፤ ኮረንቲም አይፈልግም። ለእርስዎ ወይም ለልጅዎ ይስማማ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ አጠቃቀሙንም ከጉዞው በፊት ይለማመዱ።

ሲፓፕ፦ አብዛኛውን ጊዜ አዳፕተር ብቻ ይበቃዋል። በባትሪ ሲጠቀሙ ማሞቂያና እርጥበት ሰጪው ክፍል ብዙ ኃይል ስለሚስብ፣ እሱን ማጥፋት ባትሪው ረዘም ላለ ሰዓት እንዲቆይ ይረዳል።

ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር፦ ተንቀሳቃሹ ዓይነት በብዛት 100–240 ቮልት ይቀበላል። የቤቱ ትልቅ ዓይነት ግን ለአንድ ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። መብራት ቢጠፋ የሚጠቀሙበት ሲሊንደር በሚያርፉበት ከተማ መኖሩን ሳያረጋግጡ አይነሱ።

የኢንሱሊን ፓምፕ፦ ፓምፑ ከቆመ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የደም ስኳር ሊያሻቅብና ኬቶአሲዶሲስ የሚባለው አደገኛ ሁኔታ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ መጠባበቂያ የኢንሱሊን ብዕር ወይም ሲሪንጅ፣ ከሐኪም ከተጻፈ የመጠን መመሪያ ጋር ይያዙ።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሲፓፕና ለኦክስጅን መጠባበቂያ ባትሪ የግድ ነው። መብራት ሲጠፋ መሣሪያውን ይንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩ። ኃይሉ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ስታቢላይዘር ይጠቀሙ።

በአውሮፕላን ሲጓዙ

ፓወር ባንክና ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዛሉ። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በአብዛኛው ፈቃድ አይጠይቅም፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ዋት ሰዓቱ ካልተጻፈ ሚሊ አምፔር ሰዓቱን በቮልቱ አባዝተው ለ1000 ያካፍሉ። ለምሳሌ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት በ3.7 ቮልት 74 ዋት ሰዓት ነው። ኦክስጅን የሚጠቀሙ ከሆነ አየር መንገዱን ቀድመው ያነጋግሩ፤ ከበረራው ጊዜ 1.5 እጥፍ የሚቆይ ባትሪ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ኮረንቲ ሰው ቢይዝ

• ሰውየውን በእጅዎ አይንኩ። መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ ኃይሉን ያጥፉ።
• ኃይሉ ከጠፋ በኋላ መተንፈሱን ይዩ። የማይነቃና በትክክል የማይተነፍስ ከሆነ እርዳታ ይጥሩና የደረት መጫን (ሲፒአር) ይጀምሩ።
• የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ያቀዝቅዙ። ቅባት፣ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀቡ።

የአደጋ ጊዜ ስልክ፦ አሜሪካ 911፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ እስራኤል 101፣ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907።

ወደ ሕክምና መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

ኮረንቲ ከያዘዎት በኋላ ራስዎን ከሳቱ፣ ደረትዎን ካመመዎት፣ ልብዎ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ ቆዳዎ ከተቃጠለ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ደህና ቢመስልዎትም ሳይዘገዩ ይታዩ። ከቆዳ ላይ ትንሽ የሚመስል የኮረንቲ ቃጠሎ ከሥሩ ጥልቅ ጉዳት ሊኖረው ይችላል። መሣሪያዎ ተበላሽቶ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም የደም ስኳርዎ ከፍ ብሎ ማስመለስ ከጀመረዎትም መሣሪያው እስኪጠገን አይጠብቁ።

ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት

የመሣሪያውን ቮልት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ የሚያርፉበትን ቤት የሶኬት ዓይነት ይጠይቁ፤ ሁለት አዳፕተር ይግዙ፤ ባትሪዎችን ሞልተው ለአንድ ሌሊት ይሞክሩ። መሣሪያው ለምን እንደታዘዘልዎ የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ያስጽፉ። መሣሪያውን፣ ቻርጀሩንና አዳፕተሩን ከመድኃኒትዎ ጋር በእጅ ሻንጣዎ ይያዙ፤ ትልቁ ሻንጣ ቢዘገይ እንኳ የመጀመሪያው ሌሊት ሕክምናዎ አይቋረጥም።