ፒካፕን ያሳደገው የቤት ጋራዥ

አሮጌ የአሜሪካ ፒካፕ ገዝተው በቤታቸው ጋራዥ የሚያድሱ ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ሲከራከሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አንደኛው ወገን መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ፣ እስከ ቡሎኑ ድረስ ሳይለወጥ ይመለስ ባይ ነው። ሌላው ቦዲውን አክብሮ ይይዝና ሞተሩን፣ ፍሬኑንና ካምቢዮውን ዘመኑ ባመጣው ይተካል። ከሁለቱ የመጀመሪያው ታሪክ ጠባቂ፣ ሁለተኛው ታሪክ አጥፊ ተደርጎ መቆጠሩ ግን ትክክል አይደለም። የፒካፕን ታሪክ ከሥሩ ለተከታተለ ሰው ነገሩ ይገለበጥበታል። ይህን መኪና ከመነሻው ባለቤቶቹ በየደጃቸው እየቆረጡና እየቀጠሉ ሠሩት፤ ፋብሪካው ደግሞ ከኋላ እየተከተለ ተማረበት።

ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1917 ለጭነት ያቀረበው ሞዴል ቲቲ ለገዢው የሚደርሰው ሻሲው ከነሞተሩ ብቻ ሆኖ ነበር። በ1918 የመጡት የሼቭሮሌት ቀላል የጭነት መኪኖችም ከፊታቸው ላሜራ በስተቀር ጋቢናም የጭነት ሳጥንም አልነበራቸውም፤ ቀሪውን ገዢው ራሱ ወይም የሰፈሩ አናጺ በእንጨት ይሠራዋል። በአይሱዙ ሻሲ ላይ አገር ውስጥ ቦዲ የሚገጠምለትን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። ገበሬውም በበኩሉ ተራውን ሞዴል ቲ ከኋላ ቆርጦ ሳጥን እየሠራለት ወተቱንና እህሉን ያጓጉዝ ነበር። ፎርድ በ1925 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የብረት ሳጥን ከኋላው የተገጠመለትን ሞዴል ቲ በ281 ዶላር ለገበያ ሲያወጣና ከ33 ሺህ በላይ ሲሸጥ፣ የፈጠረው አዲስ ነገር አልነበረም። ገበሬው በመጋዝና በመዶሻ የደረሰበትን አሳብ በፋብሪካ መልክ አወጣው እንጂ።

ዛሬ በቤት ውስጥ እድሳት ከሚወደዱት አንዱ ሼቭሮሌት ከ1947 እስከ 1955 መጀመሪያ የሠራው ፒካፕ ነው። ይህ መኪና ለክርክሩ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ይመስለኛል። መጀመሪያ የተገጠመለት ባለ ስድስት ሲሊንደር 216 ሞተር 90 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበረው፤ የቢላዎቹ ብሮንዚን ዘይት የሚያገኘውም በግፊት ሳይሆን በመረጨት ነበር። የዲፈረንሻሉ ምጣኔ 4.11 ስለሆነ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ከአራት ጊዜ በላይ መዞር ግድ ይለዋል። ለገጠር መንገድና ለከባድ ጭነት ይህ ብልህ ስሌት ነበር። ነገር ግን የ1956ቱ የፌዴራል መንገዶች ሕግ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በፈጣን አውራ ጎዳና ማያያዝ ሲጀምር የመኪናው ዓለም ተለወጠበት፤ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ላይ ያ ሞተር እያቃሰተ ነው የሚሄደው። ባለቤቶቹ መፍትሔውን ከሼቭሮሌት ትላልቅ የጭነት መኪኖች አገኙ፦ የዚያው ቤተሰብ የሆነውን 235 ሞተር ብዙ ሳይቆርጡ በአሮጌው ቦታ አስገቡት። ኩባንያው ራሱ በ1954 ይህንኑ ሞተር፣ በ112 የፈረስ ጉልበት፣ ለትንሹ ፒካፕ መደበኛ አደረገው። እንግዲህ በ1950 ፒካፑ ላይ 235 የገጠመ ሰው መኪናውን ከታሪኩ አላወጣውም፤ አምራቹ የሄደበትን መንገድ በገዛ መፍቻው ሄደበት። በ1955 ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተርና 12 ቮልት ኤሌክትሪክ ሲመጡም አሮጌውን 6 ቮልት የመተካቱ ሥራ እንደዚሁ ወደ ቤት ጋራዥ ገባ።

ባለ አራት ጎማ መንዳትም ታሪኩ ያው ነው። ናፕኮ የተባለ የሚኒያፖሊስ ኩባንያ በተራው ፒካፕ ሥር በቡሎን የሚታሰር የፊት ዲፈረንሻልና የኃይል ማከፋፈያ አዘጋጅቶ ይሸጥ ነበር። ሼቭሮሌት በ1957 ይህንኑ የናፕኮ ዕቃ ከፋብሪካ ተገጥሞ እንዲሸጥ አደረገ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ውድ ዋጋ የሚከፍሉበት «ኦሪጅናል» ባለ አራት ጎማ ፒካፕ፣ ከሥሩ ሲታይ ከውጭ በተገዛ ዕቃ የተሻሻለ መኪና ነው።

ከተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ የምር ሊመዘን የሚገባው፣ ያልተነካ መኪና ሰነድ ነው የሚለው ነው። የፋብሪካው ብየዳ፣ የቀለሙ አቀባብ፣ የሽቦው አዘረጋግ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ይናገራሉ፤ አንዴ ከተቆረጡ በኋላ አይመለሱም። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ያጸደቀው የቱሪን ቻርተርም የ1964ቱን የቬኒስ የቅርስ ጥበቃ ቻርተር መነሻ አድርጎ ከሁሉ በፊት ጥበቃን ያስቀድማል። ይህን እቀበላለሁ። ሞተሩና ቀለሙ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ አብረውት ያሉ ፒካፕ ካለ መጋዝ ሊነካው አይገባም፤ እንዲህ ያለውን መቁረጥ ጥፋት ነው። ነገር ግን እነዚህ ፒካፖች የተሠሩት በመቶ ሺዎች ነው፤ አብዛኞቹ የቀሩትም ወለላቸው በዝገት ተበልቶ፣ ሞተራቸው ከሌላ መኪና መጥቶ ነው። የጠፋውን ሰነድ በአዲስ ዕቃ አስመስሎ መሥራት ሰነዱን አይመልሰውም። እንዲያውም ዛሬ የተመረተ ላሜራና ቀለም ለብሶ «የ1949 ነው» ከሚባለው ይልቅ፣ መሻሻሉን ሳይደብቅ የሚያሳየው መኪና ስለ ዘመኑ እውነት ይናገራል።

ሌላው ተቃውሞ የደኅንነት ነው፦ ኃይለኛ ሞተር ያለ ልምድ በቤት ውስጥ መግጠም ሰው ይገድላል። አዎ፣ ይገድላል። ስሕተቱ ግን ያለው በማሻሻሉ ላይ ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እነዚያ ፒካፖች በአራቱም ጎማ ታምቡር ፍሬን፣ ለአራቱም አንድ መስመር ያለው የፍሬን ማስተር ነው ያላቸው፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ ሁሉም ፍሬን አብሮ ይጠፋል። ሼቭሮሌት ባለ ሁለት መስመር ማስተር በ1967፣ የፊት ዲስክ ፍሬን ደግሞ በ1971 በፒካፖቹ ላይ አስገባ። ስለዚህ በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ሞተሩን ከማንሳቱ በፊት ባለ ሁለቱን መስመር ማስተርና የፊት ዲስኩን ይገጥማል፣ መሪውን ይፈትሻል፣ ሻሲው ላይ ዝገት የበላውን ቦታ ይጠግናል። ሻሲውን ሳይቆርጥ በቡሎን የሚያስረውን ይመርጣል፣ ያወለቀውን 216 ሞተርም ለብረት ነጋዴ አይሸጥም፤ ዘይት ቀብቶ፣ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ጽፎ ያስቀምጠዋል፤ ቀጣዩ ባለቤት ወደ ቀድሞው ልመልሰው ካለ የሚያስፈልገው ይኸው ሞተር ነውና።