ዕዳና ነፃነት በግሪክ ታሪክ

የፖለቲካ ለውጥና የኢኮኖሚ ለውጥ ተነጣጥለው እንደማይታዩ የታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው ገልጸዋል። በግሪክ ታሪክ ይህን ትስስር በግልጽ ከሚያሳዩት ጉዳዮች አንዱ ዕዳ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ በጥንታዊቷ አቴና የተደረገው የዕዳ ስረዛ ከዘመናዊቷ ግሪክ የዕዳ ታሪክ ጋር ተነጻጽሮ ይቀርባል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሶሎን በ594 ቅ.ል.ክ. አርኮን፣ ማለትም የዓመቱ ዋና ሹም፣ ሆኖ ሲመረጥ የአቴና ምድር በጥቂት ባላባቶች እጅ ነበር። ድኻው ገበሬ «ሄክቴሞሮስ»፣ ማለትም «ባለ ስድስተኛ»፣ ይባል ነበር። በእኛ አገር «ሲሶ አራሽ» የሚለው ስያሜ ከምርት ድርሻ እንደ ወጣ ሁሉ የግሪኩም ከድርሻ የመጣ ነው። ስድስተኛው እጅ ለገበሬው ይቀር ነበር ወይስ ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር የሚለው ግን ዛሬም ሊቃውንትን ያከራክራል። ከሁሉ የከፋው ተበዳሪው ራሱን መያዣ አድርጎ መበደሩ ነበር። መክፈል ያቃተው ከነልጆቹ ባሪያ ይሆናል፤ ወደ ውጭ አገርም ይሸጣል።

ሶሎን «ሴይሳክቴያ»፣ ማለትም «ሸክም ማራገፍ»፣ በተባለው ሕጉ ዕዳውን ሰረዘ፤ በእርሻው ላይ የተተከሉትን የዕዳ ምልክት ድንጋዮች አስነቀለ፤ ሰው ራሱን አስይዞ እንዳይበደርም ከለከለ። የሹመትን መብት ከትውልድ አውጥቶ በዓመት ምርት መጠን ደለደለው። ይሁን እንጂ ድኻው የጠየቀውን የመሬት ክፍፍል አልፈጸመም።

ይህን ታሪክ ለሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ልዩ የሚያደርገው ዋናው ማስረጃ ግጥም መሆኑ ነው። ሶሎን ገጣሚም ነበር፤ ድንጋዮቹ ስለ መነቀላቸው ምድርን ራሷን ምስክር አድርጎ የጠራበት ግጥሙ የተጠበቀልን የአሪስቶትል ነው በሚባለው የአቴናውያን ሥርዓተ መንግሥት መጽሐፍ ውስጥ ነው። የዚህ መጽሐፍ ፓፒረስ ከግብፅ ተገኝቶ በ1891 ታትሟል። ግጥሙ ግን የመዝገብ ቃል ሳይሆን የተከሰሰ ሹም መከላከያ ነው። ስለዚህ የሚነግረንን ብቻ ሳይሆን ለማን እንደሚናገርም መጠየቅ ይገባል።

ውጤቱ ሁለት ገጽታ አለው። ባላባቱ ዕዳው በመሰረዙ፣ ድኻው መሬት ባለማግኘቱ ቅር ተሰኙ፤ በ561 ቅ.ል.ክ. ገደማም ፔይሲስትራቶስ ሥልጣን ነጠቀ። ሆኖም በ508 ቅ.ል.ክ. ክሌይስቴኔስ ያቋቋመው ሥርዓት የቆመው በዕዳ በማይሸጥ ዜጋ ላይ ነበር። በአንጻሩ የታሪክ ምሁሩ ሞዝስ ፊንሊ እንዳመለከተው፣ የአገሬውን ሰው በዕዳ መግዛት ሲቀር ባለሀብቱ የባሪያ ጉልበት ከባዕዳን ፈለገ። ያንዱ ነፃነት የሌላው ባርነት ሆነ ማለት ይቻላል።

የዘመናዊቷ ግሪክ ዕዳ ከዚህ ይለያል። አገሪቱ ገና ለነፃነቷ ስትዋጋ በ1824 እና በ1825 ከለንደን ተበደረች። በ1893 በትሪኩፒስ መንግሥት ጊዜ መክፈል እንደማትችል ተገለጸ፤ በ1897 በኦቶማኖች ከተሸነፈች በኋላ ደግሞ በ1898 የስድስት ኃያላን መንግሥታት የገንዘብ ኮሚሽን አንዳንድ ገቢዎቿን ይቆጣጠር ጀመር። በ2010 የአውሮፓ አገሮችና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 110 ቢሊዮን ዩሮ ሲያበድሯት በጀቷን ከነቅድመ ሁኔታው ነበር። በሐምሌ 2015 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 61 በመቶው ድምፅ ሰጪ የአበዳሪዎቹን ሐሳብ ቢቃወምም መንግሥት በሳምንቱ አዲስ ስምምነት ተቀበለ። የብድሩ መርሐ ግብር ያበቃው በነሐሴ 2018 ነው።

ከዚህ ንጽጽር የምንረዳው የዕዳ ብዛት ብቻውን የለውጡን አቅጣጫ እንደማይወስን ነው። በሶሎን ዘመን አበዳሪውም ተበዳሪውም በአንድ ሕግ ሥር ስለነበሩ ከተማዋ ሁለቱንም መዳኘት ቻለች። በኋላ ግን አበዳሪው ከአገር ውጭ ስለሆነ የሕዝብ ድምፅ ብቻውን ድንጋዩን ሊነቅል አልቻለም። ዋናው ጥያቄ የዕዳው መጠን ሳይሆን በአበዳሪው ላይ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ያለው ማን ነው የሚለው ነው።